የጥልቅ ባሕር ዓሣ የሚጠመድበት ልክ አወሳሰን

ነጋዴ ዋናውን ገንዘብ ከትርፉ ለይቶ እንደሚይዝ፥ ዓሣ አጥማጅም እንዲሁ ማድረግ ይገባዋል። በጥልቅ ባሕር ግን ሁለቱን መለየት አስቸጋሪ መሆኑን፥ በኒው ዚላንድ የኦሬንጅ ራፊ ዓሣ ንግድ ላይ የደረሰው ያስረዳል።

ይህ ዓሣ ጥልቀቱ ከ700 ሜትር በላይ በሆነ ቀዝቃዛ ባሕር ይኖራል። ለመራባት የሚደርሰው ከ20 ዓመት በኋላ ነው፤ ዕድሜውም ከ100 ዓመት ያልፋል። (የቀድሞ ስሙ «ዝልግልግ ራስ» ማለት ስለ ነበረ፥ ገዢ እንዳይሸሸው በአዲስ ስም ተጠርቷል።) እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ መርከቦች ለመራባት በተሰበሰበበት ስፍራ ሲያገኙት፥ በአንድ የመረብ ጉተታ ብዙ ቶን ይወጣ ጀመር። ያ ሁሉ ግን በብዙ ዐሥርት ዓመታት የተጠራቀመ ዋና ገንዘብ እንጂ የዓመቱ ትርፍ አልነበረም። የዓሣው ዕድገት ዘገምተኛ መሆኑ ገና በሚገባ ስላልታወቀ፥ የተፈቀደው ልክ ከሚተካው በልጦ ተገኘ።

በ1986 የኮታ ደንብ ሲጸና ለእያንዳንዱ ባለኮታ የተሰጠው መብት በተቈረጠ ቶን ነበር። ስለዚህ መንግሥት ልኩን ለመቀነስ ሲፈልግ ኮታውን በገንዘብ መልሶ መግዛት ግድ ሆነበት። በ1990 ግን መብቱ ከጠቅላላው ልክ ላይ የሚታሰብ ድርሻ እንዲሆን ተለወጠ፤ ልኩ ሲያንስ የሁሉም አብሮ ያንሳል፥ ሲጨምርም አብሮ ይጨምራል። ለነጋዴ ከሁሉ ይልቅ ሊጠና የሚገባው ይህ ነው፤ ባለድርሻው ከዓሣው መብዛት ራሱ ይጠቀማልና።

ቻሌንጀር ፕላቶ በተባለው ስፍራ ግን ዓሣው እጅግ ስለ ተመናመነ ማጥመዱ በ2000 ተዘጋ። በ2010 እንደገና ሲከፈት የተፈቀደው 500 ቶን ብቻ ነበር።