ስለ ጽጌ ረዳ አተካከልና አጠባበቅ

ጽጌ ረዳ ለደጋው አገራችን እንግዳ ተክል አይደለም፤ በየዱሩ የሚበቅለው ቀጋ የቅርብ ዘመዱ ነውና። ነገር ግን በገንዘብ ተገዝቶ በየግቢው የሚተከለው ብዙ ጊዜ የሚጠፋው በውሃ ማጣት ሳይሆን በውሃ ብዛት ነው። ዋልካ አፈር በክረምት ውሃ ስለሚያቍር፥ ሥሩ አየር አጥቶ ይበሰብሳል።

ስለዚህ ፀሓይ በቀን 6 ሰዓት ያህል በሚያገኝ፥ ከፍ ባለ መደብ ላይ ይተከል። ጕድጓዱ ጥልቀቱም ስፋቱም 50 ሳንቲ ሜትር ይሁን፤ አፈሩ ከበሰበሰ ፍግ ጋራ ይደባለቅ፤ በዙሪያውም የውሃ መውረጃ ቦይ ይቀደድ።

በበጋ ውሃው በጧት ከግንዱ ሥር ይፍሰስ እንጂ በቅጠሉ ላይ አይረጭ፤ ቅጠሉ ለብዙ ሰዓት ረጥቦ ከቈየ ጥቍር ነጥብ የሚያወጣ በሽታ ይይዘዋል። የታመመውና የረገፈው ቅጠል ተለቅሞ ይቃጠል።

ክረምቱ ሲያልፍ የደረቀው ቅርንጫፍ በተሳለ መቀስ ይቈረጥ፤ ጤናማውም ወደ ውጭ ከሚያይ ዐይን ግማሽ ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ በሰያፍ ይከርከም። ባለቤቱ ተክሉ የጠፋ መስሎት አትክልተኛውን አይከልክል፤ መልካም አበባ የሚሰጠው አዲሱ ቅርንጫፍ ነውና። በሹም ግቢ የለማውን ያየ ጎረቤትም በደጁ ይተክላል።