የእንጨት ንግድ ዋጋ በሁለት አገሮች፤ ለጋይንት፣ ለስማዳና ለእስቴ የሚሆን ትምህርት

አገር የምታስተዳድሩ ሹማምንትና መሬት የያዛችሁ ሁሉ፤ ዛፍ ቈርጦ መሸጥ ገንዘብ እንደሚያመጣ የታወቀ ነው። ነገር ግን የተገኘው ገንዘብ እውነተኛ ትርፍ ወይም ከዋናው ሀብት የተቀነሰ መሆኑን መለየት ያስፈልጋል። ይህንንም ለመረዳት እንጨት ወደ ውጭ የሚልኩ ሁለት አገሮችን ማመዛዘን ይጠቅማል።

አስቀድሞ ስለ ስሙ። በንግድ ቋንቋ ጠንካራ እንጨት የሚባለው አበባ አብበው ፍሬ ከሚያፈሩ ዛፎች የሚገኘው ነው እንጂ መጥረቢያ የሚያስቸግረው ሁሉ አይደለም። ስለዚህ ዋንዛ፣ ወይራ፣ ኮሶና ባሕር ዛፍ በዚህ ወገን ይቈጠራሉ፤ ጥድና ዝግባ ግን በሌላው ወገን ናቸው።

ቀጥሎ ስለ ሒሳቡ። ለምሳሌ ያህል አንድ አገር 1,000 ሜትር ኩብ እንጨት እያንዳንዱን በ100 ብር ቢሸጥ 100,000 ብር ያገኛል። ከ10 ዓመት በኋላ 500 ሜትር ኩብ ብቻ በ250 ብር ቢሸጥ 125,000 ብር ይሆናል። መዝገቡን ያየ ሰው ንግዱ አደገ ይላል፤ እንጨቱ ግን በእኩሌታ ጐድሏል። በዚያው ዘመን የሌላው ዕቃ ዋጋ 3 እጥፍ ሆኖ እንደ ሆነ፣ ያ 125,000 ብር ቀድሞ በ42,000 ብር ገደማ ይገዛ የነበረውን ብቻ ይገዛል። እንግዲህ የብሩን ቍጥር ብቻ ማየት ያሳስታል።

ኮትዲቯርና ጋና ጎረቤታሞች ናቸው፤ ደናቸውም ይመሳሰላል። ኮትዲቯር በ20ኛው ምዕት ዓመት መጀመሪያ 16 ሚሊዮን ሄክታር የሚያህል ደን ነበራት። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1970ዎቹ ከአፍሪካ አገሮች ሁሉ ይልቅ ብዙ ግንድ ወደ ውጭ ትልክ ነበር፤ እንጨትም ከቡናና ከካካዎ ቀጥሎ ትልቅ ገቢዋ ነበረ። ዛሬ የቀረው ደን 3 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ ነው። ደኑን ያጠፋው መጋዝ ብቻ አይደለም፤ ግንድ ጎታቹ በከፈተው መንገድ የካካዎ ተካዩ ተከትሎ ገባ።

ጋና በ1979 የአንዳንድ የከበሩ ዛፎች ግንድ፣ በ1995 ደግሞ በጠቅላላው የተፈጥሮ ደን ግንድ ሳይሰነጠቅ እንዳይወጣ ከለከለች። በዚህም ሳንቃና ኮምፖንሳቶ መሥራት በአገር ውስጥ ሥራ ሰጠ። ይሁን እንጂ ግንድ በአገር ውስጥ ስለ ረከሰ መሰንጠቂያዎቹ ብዙ አባከኑ፤ በ1998 የተከለከለው በሞተር መጋዝ በየጫካው ሳንቃ መሰንጠቅም አልቆመም። ስለዚህ የወደቡ በር መዘጋት ብቻውን ደን አያድንም፤ በየወረዳው ያለ ጥበቃ ነው የሚያድነው።

ይህ ነገር እኛን እንዴት ይመለከታል? ከአማራ ክልል የባሕር ዛፍ አጣና በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ሲሻገር ቈይቷል፤ በየገበያውም የዋንዛ ሳንቃ ይፈለጋል። የደቡብ ጎንደር አገር በቀል ደን ግን አብዛኛው በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር የቀረው ነው። ይህንንም የዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ጥናት አስረድቷል። ከጉና ተራራ የሚወርዱት ርብና ጉማራም ጣናን ይመግባሉ፤ የተራራው መራቆት የታችኛውን አገር ሁሉ ይጎዳል።

ስለዚህ የሚከተለው ይፈጸም።

1ኛ፤ ዋንዛ በስማዳና በታች ጋይንት ወይና ደጋ ይተከል፤ አበባው ለንብ፣ ቅጠሉ ለማሳ ይጠቅማልና። በጉና ዙሪያ ላለው ደጋ ኮሶ ይስማማዋል።

2ኛ፤ ባሕር ዛፍ ከምንጭና ከእህል ማሳ ይራቅ፤ ለአጣናና ለማገዶ ግን በተለየ ቦታ ይተከል፤ አገር በቀሉን ከመጥረቢያ ያስጥላልና።

3ኛ፤ የቤተ ክርስቲያን ደን ከብት እንዳይገባበት ከካህናቱና ከሕዝቡ ጋር ተመካክሮ በድንጋይ ካብ ይታጠር፤ ቡቃያውን የሚያጠፋው ከብት ነውና።

4ኛ፤ በየቀበሌው መዝገብ ይኑር፤ በአንዱ ዓምድ የተቈረጠው፣ በሁለተኛው ተተክሎ የጸደቀው ይጻፍ። የተተከለው ሁሉ አይጻፍ፤ ከክረምት በኋላ በጋውን የተሻገረው ይቈጠር እንጂ።

ሁለተኛው ዓምድ ከፊተኛው ያነሰ እንደ ሆነ፣ የገባው ገንዘብ ምንም ቢበዛ ዘሩን እንደ በላ ገበሬ ሆነናል ማለት ነው።