ሞተሩ ይቆይሽ፣ ብሎኑን ምረጪ

ቆዪ እስቲ እህት ዓለም፣ ብሎኑ ሳይወሰን ሞተር ልታዢ ነው? የምትሠሪው እንጨት የሚቀርጽ፣ ሜትር በሜትር የሆነ ሲኤንሲ ከሆነ ገንዘብሽን መጀመሪያ ብሎኑ ላይ አውጪው።

ያ የመረጥሽው ባለ 8 ሚሊ ሜትር ሊድ ስክሩ ለትንንሽ ስሪዲ ፕሪንተር ይበቃል። ሜትር ሲረዝም ግን ቀጭን ስለሆነ ፈጠን ብሎ ሲዞር መሃሉ ልጆች እንደሚዘሉበት ገመድ ይወዛወዛል። የነሐስ ዳዶውም እየተበላ ይላላል። መላላቱ የት እንደሚታይ ልንገርሽ፦ ክብ ቁረጪና ጠርዙን በጣትሽ ዳስሺው። ከላይ፣ ከታች፣ ከግራና ከቀኝ ትንሽ ጠፍጣፋ ወይም እርከን የመሰለ ነገር ታገኛለሽ። እነዚያ አራቱ ቦታዎች አንዱ ብሎን አቅጣጫ ቀይሮ የሚመለስባቸው ናቸው። ሞተሩ መዞር ጀምሯል፣ ዳዶው ግን ክፍተቱ እስኪሞላ ድረስ ቆሞ ይጠብቃል። ይህንን የቱንም ያህል ትልቅ ሞተር አያስተካክልልሽም።

ስለዚህ 1605 የሚባለውን ቦል ስክሩ ውሰጂ። 16ቱ ውፍረቱ ነው፤ 05ቱ ደግሞ አንድ ዙር ሲዞር 5 ሚሊ ሜትር ይገፋል ማለት ነው። ዳዶው ውስጥ ኳሶች ስለሚሽከረከሩ ከሞተሩ ጉልበት 90 በመቶ ያህሉ ለሥራው ይደርሳል፤ ተራው ብሎን ብዙውን በፍትጊያ ይጨርሰዋል። ላዩ የጠነከረ ብረት ስለሆነ ተራ የቶርኖ ቢላዋ ይቸገርበታል፣ ጫፎቹ ተሠርተው የመጡትን እዘዢ። ዳዶውን ደግሞ አደራ ከብሎኑ ላይ አታውጪው፣ ኳሶቹ ይበተኑብሻል።

አንድ የሚያሳስበኝ ነገር አለ። ቦል ስክሩ ፍትጊያው ትንሽ ስለሆነ መብራት ሲጠፋ ቢላዋውን የሚያዞረው ከባድ ስፒንድል በራሱ ክብደት ሊወርድ ይችላል። የእኛ መብራት ደግሞ ሳይነግርሽ ነው የሚሄደው። ስፒንድሉን ለሚያወጣና ለሚያወርደው ብሎን ፍሬን ያለው ሞተር እዘዢ፣ ካልሆነም ክብደቱን የሚሸከም ስፕሪንግ አድርጊለት።

አሁን ወደ ሞተሩ። ኔማ 23 ይበቃሻል። 23 የሚለው የፊቱን ስፋት፣ 57 ሚሊ ሜትር ገደማ መሆኑን ነው የሚነግርሽ፤ ጉልበቱን አይደለም። ሻጮቹ በትልቁ የሚጽፉት ሆልዲንግ ቶርክም ሞተሩ ቆሞ የሚይዘውን ጉልበት ነው፣ አንቺ ግን የምትቆርጪው እየዞረ ነው። ስቴፐር ሞተር ፍጥነቱ ሲጨምር ጉልበቱ ይወርዳል፤ ኢንዳክታንሱ፣ ማለትም ጥቅልሉ የኤሌክትሪክ ለውጥን የሚቃወምበት መጠን፣ ከፍ ያለ ትልቅ ሞተር በፍጥነት ጊዜ ከትንሹ ሊያንስ ይችላል። 2 ኒውተን ሜትር ገደማ ያለው፣ ኢንዳክታንሱ ዝቅ ያለ ምረጪ፤ ለሞተሩ ኃይል የሚያከፋፍለው ድራይቨር የሚችል ከሆነ ፓወር ሰፕላዩን 36 ቮልት አድርጊው፣ 12 ቮልት ሞተሩን ያደክመዋል። በደቂቃ 600 ጊዜ ቢዞርልሽ 3 ሜትር ይጓዛል፣ ለእንጨት ምን ትፈልጊያለሽ? ጥራቱም አያሳስብሽ፦ አንድ ዙር 200 እርምጃ ነው፣ አንዱ እርምጃ 0.025 ሚሊ ሜትር ይደርሳል።

ስትሞክሪ ኃይል እያለ የሞተሩን ሽቦ ከድራይቨሩ እንዳትነቅይ፣ ድራይቨሩን ታቃጥይዋለሽ። በይ አሁን ሞተሩን ከዝርዝሩ አውጪና ሜትሩን አምጪው፣ የብሎኑን ርዝመት አብረን እንለካ።