ዝግታ ብቻውን አይበቃም፦ የፓርኪንሰን ሕመምን በጣት ምት መፈተን

ጄምስ ፓርኪንሰን እ.ኤ.አ. በ1817 ባሳተመው ድርሳን ሕመሙን የሰየመው በመንቀጥቀጡ ነበር። ይሁን እንጂ መንቀጥቀጥ የማይታይባቸው ታማሚዎች ጥቂት አይደሉም፤ የእንቅስቃሴ ዝግታ ሳይኖር ግን ምርመራው አይጸናም። ዓለም አቀፉ የፓርኪንሰንና የእንቅስቃሴ መታወክ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣው መስፈርት ዝግታን ግዴታ ያደርጋል፤ ከእርሱም ጋር የእረፍት ጊዜ መንቀጥቀጥ ወይም የጡንቻ ግትርነት እንዲኖር ይጠይቃል።

በመስፈርቱ ውስጥ በቀላሉ የሚዘነጋ ሐረግ አለ። እንቅስቃሴው ቀርፋፋ መሆኑ ብቻ ሳይሆን፣ ሲደጋገም ስፋቱ ወይም ፍጥነቱ እየቀነሰ መሄዱ፣ አለዚያም እየተቆራረጠ መምጣቱ መታየት አለበት። የመገጣጠሚያ ብግነት ያለባቸው አረጋዊም ሆኑ በድብርት የተያዘ ሰው ዝግ ሊሉ ይችላሉ። መለያው እንግዲህ የምቱ መክሰም ነው።

ይህን ለማየት መሣሪያ አያስፈልግም። ታማሚው አውራ ጣቱንና ሌባ ጣቱን በተቻለው ፍጥነትና ስፋት 10 ጊዜ እንዲያገናኝ ይጠየቃል። ሕመሙ በአብዛኛው በአንድ ጎን ስለሚጀምር እያንዳንዱ እጅ ለየብቻ ይፈተናል። መርማሪው አሠራሩን ካሳየ በኋላ እጁን መሰብሰብ አለበት፤ አብሮ ከቀጠለ ታማሚው በውጭ ምት ሊመራና ጉድለቱ ሊሸፈን ይችላል።

ነጥቡ ከ0 እስከ 4 ነው። ስፋቱ ወደ 10ኛው ምት ሲቃረብ ከቀነሰ 1፣ በመካከል ከቀነሰ 2፣ ከመጀመሪያው ምት ቀጥሎ መቀነስ ከጀመረ 3 ይሰጣል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል፦ ሰልፉ የበዛበት ሐኪም ከ5ኛው ምት በኋላ «ይበቃል» ካለ፣ የሚያመልጠው ገና በጅምር ላይ ያለው ለውጥ ነው። እጅን መጨበጥና መዘርጋት፣ መዳፍን መገለባበጥ፣ በእግር ጣቶች ወለሉን መምታትም በዚሁ ዓይን ይታያሉ።

ጽሕፈትም ሌላ ማስረጃ ነው። የታማሚው ፊደል በመስመሩ መጨረሻ ላይ እያነሰ ሊሄድ ይችላል። የግዕዝ ፊደላት ተነጣጥለው ስለሚጻፉ የእያንዳንዱን ቁመት በማስመሪያ መለካት አይከብድም፤ በአማርኛ ጸሐፊዎች ላይ ሊጠና የሚገባው ጉዳይም ይመስለኛል። ሌቮዶፓ የሚወስድ ታማሚ ሲፈተን ግን የመጨረሻውን መድኃኒት የወሰደበት ሰዓት ከነጥቡ ጎን ይመዝገብ፤ ያለዚያ የጠዋቱና የከሰዓቱ ውጤት አይነጻጸሩም።