የቤት ጭንቀት በሥራ ላይ

ባልና ሚስት አንድ ሥጋ መሆናቸውን በተክሊል ጊዜ እናስተምራለን፤ ነገር ግን ከሁለቱ አንዱ በቤት ሲታመም ወይም ሲጨነቅ፥ ሥራ የወጣው የሌላው እጅ እንደሚደክም እምብዛም አናስብም።

ለዚህ ነገር ምሳሌ የሚሆነን በመጽሐፈ ጦቢት ይገኛል። ጦቢት ዓይኑ በታወረ ጊዜ ሚስቱ ሐና በእጅ ሥራዋ ደመወዝ እያገኘች ቤቱን ትረዳ ነበር። አንድ ቀን አሠሪዎቿ ከደመወዟ በላይ የፍየል ጠቦት ጨመሩላት። ጠቦቱ በቤት ሲጮህ ጦቢት የተሰረቀ መሰለው፤ ስጦታ መሆኑን ብትነግረውም አላመናትም። እርሷም የቀድሞ ምጽዋቱን እያነሣች ዘለፈችው። እኛ ሰባኪዎች ይህን ስናነብ በጦቢት ትዕግሥት ላይ ቆመን ሐናን እናልፋታለን። በአሠሪዎቿ ዘንድ የተመሰገነችው ሴት በገዛ ቤቷ በስርቆት ከተጠረጠረች በኋላ፥ በማግስቱ በምን ልብ ወደ ሥራዋ እንደ ተመለሰች መጽሐፉ አልነገረንም። ጦቢትም ክፉ ሰው አልነበረም፤ ድሆችን የሚረዳ፥ ሙታንን የሚቀብር ነበርና። ያን ቃል ያናገረው ሕመሙና የሚስቱን እጅ ጠባቂ መሆኑ ይመስለናል።

በዚህ ነገር እኛም ተሳስተናል። ከአጥቢያችን ምእመናን አንዱ፥ በአንድ መሥሪያ ቤት የሒሳብ ሠራተኛ የሆነ፥ ዘወትር እንደሚያረፍድና ድምር እንደሚያሳስት ከአለቃው ሰማን። ታካችነት መስሎን ገሠጽነው፤ አንገቱን ደፍቶ ሄደ። ኋላ እንደ ተረዳነው ሚስቱ ከወለደች ጀምሮ እንቅልፍ አጥታ ታለቅስ፥ ሕፃኑን መያዝ እንኳ ትፈራ ነበር፤ እርሱም ሌሊቱን ሲያባብል አድሮ ጧት በመዝገቡ ላይ ያንቀላፋል። ለምን አልነገርኸንም ብንለው፥ «የሚስቴን ገመና ማውጣት መሰለኝ» አለን።

ሕጉ የሚሰጠው ፋታ አጭር ነው። የ2011 ዓ.ም. የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ሚስቱ ለወለደችለት ሠራተኛ ደመወዝ የሚከፈልበት 3 ተከታታይ ቀን፥ ለልዩና ከባድ ጉዳይም ያለ ክፍያ እስከ 5 ተከታታይ ቀን ይፈቅዳል። እንዲህ ያለው ሕመም ግን በ3 ቀን አይለቅም። (ኦሪት ዘዳግም አዲስ ሙሽራን ከዘመቻ አንድ ዓመት ሙሉ ማሳረፉን ልብ ይሏል።)

ስለዚህ ዝርዝሩን ሳያወጣ «በቤቴ ሕመምተኛ አለች» ብሎ ለአለቃው እንዲነግር መከርነው። ጠበል ብቻ ይበቃል ያሉ ዘመዶችም ነበሩ፤ እኛ ግን ከጠበሉ ጋር ሐኪምም እንዲያያት አሳሰብን። አለቃው የመግቢያ ሰዓቱን አሻሻለለት፤ እናቷም ከገጠር መጥታ ሌሊት ሌሊት ሕፃኑን ትይዝ ጀመር። ሴትዮይቱ እስክትድን ወራት ፈጀባት። በዚያ መካከል ወደ ቤቱ ሄደን፥ ሚስቱ እየሰማች፥ ስለ ተግሣጻችን ይቅርታ ጠየቅነው።