የቧንቧ መሞረጃ መኪና እንግዛ ወይስ እንከራይ?

የምንጭ ውሃ በቧንቧ ወደ መንደር ሲገባ እናቶችና ልጆች እንስራና ጀሪካን ተሸክመው የሚሄዱበት መንገድ ያጥራል። ይህ ውሃ የገባው ከየቤቱ በተዋጣ ገንዘብና በጉልበታችን ነው። ስለዚህ ቧንቧ ስናስጠግን እያንዳንዱን ብር አስበን ማውጣት አለብን።

የብረት ቧንቧ ሲበላሽ የተበላሸው ክፍል ተቆርጦ በምትኩ ሌላ ይገባል። ቧንቧው በመጋዝ ሲቆረጥ በአፉ ዙሪያ ስለታም የብረት እሾህ ይቀራል። ይህ እሾህ ካልተነሣ የውሃውን መተላለፊያ ያጠባል። ቅጠልና ጭቃ ይይዛል። እጅም ይቆርጣል። ስለዚህ አፉን መሞረድ ግድ ነው።

ለዚህ ሥራ የሚሆን ዳይ ግራይንደር የሚባል መኪና አለ። መኪናው ረዘም ያለ ሲሆን በእጅ ይያዛል። አፉ ላይ ትንሽ ድንጋይ ወይም ጥርስ ያለው ብረት ይታሰርበታል። ይህ ጫፍ እጅግ በፍጥነት እየዞረ ብረቱን ይሞርዳል። ትልቁ ክብ ድንጋይ በማይደርስበት በቧንቧው ውስጥ እርሱ ይገባል።

ታዲያ የውሃ ኮሚቴያችን ይህን መኪና ይግዛ ወይስ ይከራይ? ወይስ ጭራሽ ይቅርበት? ሦስት ነገር እንጠይቅ።

አንደኛ፦ ሥራው ምን ያህል ነው? በዓመት ሁለት ሦስት ቦታ ብቻ የሚቆረጥ ቀጭን ቧንቧ ከሆነ ክብ የእጅ ሞረድ ይበቃናል። ሞረድ መብራት አይጠይቅም፤ ኪራይም የለበትም። ቧንቧው ፕላስቲክ ከሆነ ደግሞ መኪናው ያቀልጠዋል። ፕላስቲክ በመጋዝ ተቆርጦ በቢላ ቢጠረብ ይበቃዋል። መኪናው የሚጠቅመው ብዙ የብረት ቧንቧ በአንድ ጊዜ ሲቆረጥ ነው። ወፍራም ቧንቧ ተበይዶ የብየዳው ትርፍ ከውስጥ መነሣት ሲኖርበትም ይጠቅማል።

ሁለተኛ፦ ኃይሉ ከየት ይመጣል? አንዳንዱ መኪና በኤሌክትሪክ፣ አንዳንዱ በባትሪ፣ ሌላው በታመቀ አየር ይሠራል። የአየሩ ዓይነት ኮምፕሬሰር ይፈልጋል፤ ይሄ ሌላ ወጪ ነው። የአገራችን መብራት 220 ቮልት ነው። መኪናው ላይ የተጻፈው 110 ቮልት ብቻ ከሆነ ስንሰካው ይቃጠላል። መብራት ከሌለን የጄኔሬተሩንና የነዳጁን ዋጋ ጨምረን እናስላ።

ሦስተኛ፦ ሒሳቡ ምን ይላል? ለምሳሌ መኪናው 6,000 ብር ይሸጣል፤ የቀን ኪራዩም 300 ብር ነው እንበል። 6,000 ለ300 ሲካፈል 20 ይሆናል። እንግዲህ የመግዣው ዋጋ የ20 ቀን ኪራይ ማለት ነው። በዓመት የምንሠራበት 2 ቀን ብቻ ከሆነ የመግዣው ገንዘብ የሚመለሰው በ10 ዓመት ነው። እስከዚያ መኪናው ቢበላሽስ? እንዲህ ከሆነ መከራየት ይሻላል። ከመከራየታችን በፊት ግን ቧንቧውን ሁሉ በመጋዝ ቆርጠን እንጨርስ። መኪናው ተቀምጦ ቢውልም ኪራዩ ይቆጠራል።

ብንገዛም ብንከራይም ሳናነብ የማናልፈው አንድ ነገር አለ። መኪናው ላይ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚዞር ተጽፏል። በጫፉ ወይም በማሸጊያው ላይም ጫፉ የሚችለው ከፍተኛ ዙር ተጽፏል። የጫፉ ቁጥር ከመኪናው ቁጥር ማነስ የለበትም። መኪናው 25,000 ጊዜ የሚዞር ከሆነና ጫፉ የሚችለው 20,000 ብቻ ከሆነ ጫፉ ሊሰበር ይችላል። ስባሪው እንደ ጥይት ይወረወራል። ዓይን ያጠፋል። ሻጩ «ግድ የለም፣ ይሠራል» ቢለንም ቁጥሩን ራሳችን እናንብብ። ቁጥር ያልተጻፈበትን ጫፍ አንቀበል።

የጫፉ እግርም ከመኪናው አፍ ጋር እኩል መሆን አለበት። 6 ሚሊሜትር ለሆነ አፍ 6 ሚሊሜትር እግር ይገባዋል። ቀጭን እግር ላልቶ ይወጣል። እግሩንም ወደ ውስጥ በደንብ አስገብተን እንሰር፤ ብዙ ወደ ውጭ ከወጣ ይጎብጣል።

ገንዘብ ከመክፈላችን በፊት መኪናው ይሞከር። ሲነሣ ይንቀጠቀጣል ወይ? ገመዱ ተልጧል ወይ? ማጥፊያው ይሠራል ወይ? የኪራዩንም ወረቀት አንብበን እንፈርም። መኪናው የሚመለስበት ቀንና ቢበላሽ ማን እንደሚከፍል በወረቀቱ ላይ ይጻፍ።

በሥራ ጊዜ ጋቢና ነጠላ እናውልቅ፤ የሚዞረው ጫፍ ይጠልፋቸዋል። የዓይን መከላከያ መነጽር እናድርግ፤ አፍና አፍንጫችንንም በጭንብል እንሸፍን። እሾሁን ብቻ እናንሣ። ቧንቧውን ከዝገት የሚጠብቀው ቅብ ከተፋቀ ብረቱ ይዝጋል። ከመግጠማችን በፊት የብረቱን ብናኝ በውሃ አጥበን እናውጣ፤ የምንጠጣው ውሃ በዚያው ያልፋልና።

የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል። የፈሰሰ ብር ምናልባት ይለቀም ይሆናል፤ የጠፋ ዓይን ግን አይመለስም። ማንበብ ከተማርን ከመኪናው ላይ ያለውን ቁጥር እናንብብ።

የመወያያ ጥያቄዎች
1. በመንደራችን ያለው ቧንቧ ብረት ነው ወይስ ፕላስቲክ? በዓመት ስንት ቦታ ይቆረጣል?
2. መኪናው 8,000 ብር ቢሸጥና የቀን ኪራዩ 400 ብር ቢሆን፣ የመግዣው ዋጋ የስንት ቀን ኪራይ ይሆናል?
3. መኪናው 28,000፣ ጫፉ 25,000 ቢል ምን እናደርጋለን? ለምን?