በሐዘን ወራት ስለ ሜታ ሱባኤ

ጥያቄ፦ ሐዘን በተደራረበብኝ በዚህ ወራት፥ ቡድሃውያን «ሜታ» ወደሚሉት የቸርነት ተመስጦ ሱባኤ ልግባን?

መልስ፦ ክብርት ጠያቂያችን፥ በ1975 እ.ኤ.አ. በተመሠረተውና በማሳቹሴትስ፥ በባሪ ከተማ በሚገኘው የተመስጦ ማዕከል እንደሚደረገው ሁሉ፥ ሱባኤተኛው በአርምሞ ተወስኖ፥ ሲቀመጥም ሲራመድም፥ የደኅንነትንና የሰላምን ምኞት አስቀድሞ ለራሱ፥ ቀጥሎ ውለታ ለዋለለት፥ ለወዳጁና ለማያውቀው መንገደኛ፥ በኋላም ለበደለው ሰውና ለፍጥረት ሁሉ በልቡናው ይደጋግማል። በዚህ መካከል ዕንባ ወይም ቍጣ ቢመጣ ድካምዎ ከንቱ ሆነ ማለት አይደለምና፥ በዳይዎን ለጊዜው ትተው ልብዎ በቀላሉ ወደሚራራለት ሰው ይመለሱ። ነገር ግን ሐዘኑ ገና ትኩስ ሆኖ እንቅልፍ ከነሣዎ፥ የብዙ ቀን ዝምታ ሕማሙን ሊያጸና ስለሚችል፥ አስቀድመው ከሐኪምዎና ከሱባኤው መምህር ጋር ይማከሩ፤ ከፈቀዱልዎም በአጭር ሱባኤ ይጀምሩ።